የሕፃናት ጨዋታና የአባት ዕዳ

በደብራችን የ50ኛ ዓመት በዓል ዕለት ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



የበዓሉ አዘጋጆች በዚህ ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር በለመኑኝ ጊዜ፥ ከቅኔ ቤት ከወጣ ሰው ምን እንደሚጠበቅ አልጠፋኝም። ወይ ስለ ቅኔ አገባብ፥ ወይ ስለ ደብሩ አተካከል፥ ወይም ስለ ቀደሙት ሊቃውንት ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ግን ከእኔ የበለጡ አባቶች በመታሰቢያው መጽሐፍ ላይ በየገጹ ጽፈውታል። እኔም የእነርሱን ቃል ደግሜ ጆሯችሁን ከማደክም ይልቅ፥ በመጽሐፉ ያልተጻፈውን፥ ነገር ግን ሁላችሁም በየቤታችሁ ያላችሁን ነገር ልናገር ወደድሁ። ይኸውም የሕፃናት ጨዋታ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው በልቡ፥ «ይህ ሰው አረጀና ወደ ሕፃንነት ተመለሰ» ይል ይሆናል። ዕድሜዬ ገና በ50ዎቹ ውስጥ ስለ ሆነ ለመጃጀት ጊዜ አለኝ። ይህን ነገር የመረጥሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ 50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ይባላል፤ ባሪያ ነፃ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። እኔም ከብዙ ዘመን በፊት የአንድ ሕፃን ልጅ ርስት ሸጬ ነበርና፥ ዛሬ ልመልስ ቆሜአለሁ። ርስቱ ምን እንደ ነበረ፥ በምን ዋጋም እንደ ሸጥሁት በስተ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሞ ግን ጥቂት እንጫወት።

እግዚአብሔር ሦስት ልጆች ሰጥቶኛል፤ ሁለቱ ወንዶች፥ አንዷ ሴት ናት። ከታናሹ እጀምራለሁ።

ይህ ልጅ አምስት ዓመት በሞላው ጊዜ፥ ፊደል ላስቆጥረው ከደጃፍ ከፀሐይ ላይ አስቀመጥሁትና ስንደዶ አስያዝሁት። እንደምታውቁት የግዕዝ ፊደላችን 26 ነው፤ እያንዳንዱም ሰባት ሰባት ቅርጽ ስላለው 182 ይሆናል፤ አማርኛ የጨመራቸው ሲታከሉበት ከ230 ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሕፃን ልጅ በጥቂት ቀን አልያዘውም ብለን ስንቆጣ፥ እኛ ራሳችን ስንት ጊዜ እንደ ፈጀብን እንረሳለን። አባቶቻችንም ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ለመለየት ስም አውጥተውላቸዋል፤ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ ንጉሡ ሠ፥ እሳቱ ሰ፥ ጸሎቱ ጸ፥ ፀሐዩ ፀ ይባላሉ። እኛ ስም ብቻ አድርገን የምንጠራቸውን ልጁ ሰዎች አደረጋቸው። «አባባ፥ ንጉሡ ሠ እሳቱ ሰን ይፈራዋል?» አለኝ። «ስለ ምን ይፈራዋል?» ብለው፥ «ያቃጥለዋላ!» አለኝ። ዝናብ በዘነበ ዕለትም ገበታውን በጉያው ሸሽጎ ወደ ቤት እየገባ፥ «ዛሬ ፀሐዩ ፀ አልመጣም፤ ትምህርት የለም» አለ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከበ ዘንድ ደረስን። በ ቡ ቢ ባ ብሎ ከራብዑ ላይ ስንደዶውን አቆመ። «አባባ፥ በ በሁለት እግሩ ደኅና ቆሞ ነበረ፤ ባ ግን አንድ እግሩ አጥሯል፤ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። እኔም ወደሚቀጥለው ለማለፍ ቸኩዬ ነበርና፥ «ያነክሳል» አልሁት። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ አሰበ፤ ከዚያም በቀኝ እጄ በኩል ተጋድማ የነበረችውን አርጩሜ ተመልክቶ፥ «ማን መታው?» አለኝ።

በዚያ ሰዓት እንባዬ እስኪወርድ ድረስ ሣቅሁ። ማታ ግን በተኛሁ ጊዜ ሣቁ ጠፋና ጥያቄው ብቻ ቀረ። ልጁ፥ «ሲወለድ እንዲህ ነው ወይ?» ወይም «ወድቆ ነው ወይ?» አላለም። ፊደል በሚቆጠርበት ቦታ አንካሳ ከተገኘ፥ የመታው ሰው አለ ብሎ ፈረደ። ወንድሞቼ ሆይ፥ እኛ «አባቶቻችን መቱን፥ እኛም ተማርን፤ ስለዚህ ዱላ ያስተምራል» እንላለን። ተመትተው የተማሩት እነሆ ተቀምጠው ይመሰክራሉ፤ ተመትተው ከትምህርት የሸሹትን ግን ማን ቆጠራቸው? ለምስክርነትስ ማን ጠራቸው? በማግሥቱ አርጩሜዋን ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ጣልኋት። ከዚያ ወዲህ አልወረደችም ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ ሁለት ጊዜ ወርዳለች። ነገር ግን ሁለቱንም ጊዜ «ማን መታው?» የሚለው ቃል ከእጄ ቀድሞ ስለ ደረሰ፥ እንደ ወረደች ተመለሰች።

ሁለተኛዪቱ ሴት ልጄ ናት። ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗት አፏን በፈታች ጊዜ፥ የቤታችንን ድመት ስትጠራ «ምጪ! ምጪ!» ትላት ነበር። ቤተ ሰቡ ሁሉ ይሥቅባታል። «ነይ በያት» እያልን ብናርማት፥ እርስዋ ግን አልተመለሰችም። እኔ ግስ የማስቀጽል ሰው ነኝና ነገሩን ብመረምረው፥ ልጅቱ የተሳሳተችው ነገር የለም። ወጣ ካለ ውጪ፥ ጠጣ ካለ ጠጪ ይባላል፤ እንግዲያስ መጣ ካለ ምጪ የማይባለው ስለ ምንድር ነው? ና እና ነይ የምንላቸው ቃላት ከግዕዙ ነዓ የወረዱ ናቸውና ከመጣ ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ እንደ እንጀራ ልጅ ከሌላ ቤት መጥተው ተቀምጠዋል። ሕፃኒቱ ማንም ሳያስተምራት፥ ከሰማችው ጥቂት ቃል ሕጉን አወጣች፤ ያወጣችውንም ሕግ ባልሰማችው ቃል ላይ ፈረደችበት። አንድ ተማሪ እዚህ ለመድረስ ስንት ሌሊት ግስ ሲወርድ ያድራል! የሕፃናት ስሕተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሕግ ባለማወቅ የሚመጣ አይደለም፤ ከእኛ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ሕግ ከማክበር የሚመጣ ነው እንጂ።

ይህችው ልጅ አምስት ዓመት በሆናት ጊዜ ፍልሰታ ገባ። ልማዳችን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን በጾም አያስገድድም፤ ነገር ግን ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ያለችውን ይህችን ጾም ሕፃናት ራሳቸው ይወዱአታል። እርስዋም የጎረቤት ልጆች ሲጾሙ አይታ «እኔም ካልጾምሁ» ብላ አስቸገረች፤ እናቷም እስከ ረፋድ ድረስ ፈቀደችላት። አንድ ቀን ጧት ያቺ ድመት ለታናሽ ወንድሟ የተቀመጠውን ወተት ስትጠጣ ተገኘች። ልጅቱም እንደ ከሳሽ እየሮጠች መጥታ፥ «እማዬ! ድመቲቱ ጾም ገደፈች!» ብላ ጮኸች። አያቷም፥ «ልጄ፥ ድመት እኮ አትጾምም» አሏት። ልጅቱም በቁጣ፥ «ስለ ምን አትጾምም? የንስሐ አባቷ ማን ናቸው?» አለች።

እንደ አጋጣሚ በዚያ ሰዓት የቤታችን የንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። ሣቃቸውን በብዙ ጭንቅ ዋጥ አድርገው፥ «ልጄ፥ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ለንስሐ መጥታ አታውቅም» አሏት። ልጅቱም ነገሩ የከፋ መሆኑን ተረድታ ዝም አለች። ረፋድ ሆኖ እናቷ «ነይ ብዪ» ብላ በጠራቻት ጊዜ ግን አልበላም አለች። «ምነው?» ብትባል፥ «የድመቲቱን እየጾምሁላት ነው» ብላ መለሰች። «እስከ መቼ?» አልናት። ድመቲቱ ወተቷን ጠጥታ ከፀሐይ ላይ ተኝታ ነበርና፥ ወደ እርስዋ እያሳየች፥ «እስክትነቃ» አለችን። ድመቲቱም ደግ ሆና ቶሎ ነቃች፤ ልጅቱም በላች።

ይህን ለመሣቂያ ብቻ አልነገርኋችሁም። የሌላውን ጾም መግደፍ አይተን መክሰስ ለእኛም ቀላል ነው፤ ልጅቱም በመክሰስ ጀመረች። ከክስ አልፎ «እኔ እጾምላታለሁ» ማለት ግን በእኛ ዘንድ ስንት ጊዜ ተገኝቶ ያውቃል? የጾሙ ርዝመት አንዲት ድመት እስክትነቃ ድረስ ቢሆንም እንኳ፥ አሳቡ የትልቅ ሰው አሳብ ነበረ።

ሕፃናት ምስክሮችም ናቸውና ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ቀን ከዕድር ስብሰባ ቀርቼ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ፥ የዕድሩ ዳኛ በስልክ «የት ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስበው «መንገድ ላይ ነኝ» አልሁት። በዚያው ቅጽበት ይህችው ልጄ ከማድ ቤት በታላቅ ድምፅ፥ «አባባ! ገንፎው ሳይበርድብዎ ይብሉ!» ብላ ተጣራች። ዳኛውም በስልኩ ውስጥ፥ «ገንፎ ያለበት መንገድስ መልካም መንገድ ነው» ብሎኝ ዘጋው። የዘገየሁበትን መቀጫ በማግሥቱ ከፈልሁ፤ የዋሸሁበትን ግን ልጅቱ በመስማቷ ብቻ የከፈልሁት ይበልጣል።

ታናሹ ልጅ ደግሞ ማስቀደስ በለመደ ጊዜ፥ ሁለት ካህናት ወዳጆቼ ሊጠይቁን መጡ። ቡናው አቦሉ፥ ቶናው፥ በረካውም ተጠጣ፤ ጨዋታው ግን አላለቀም። ልጁም እንቅልፉ መጥቶ አላስተኛው ስላልነው፥ ከበርጩማ ላይ ወጥቶ የእናቱን ነጠላ በትከሻው ላይ አጣፋና፥ ዲያቆኑ በቅዳሴ ፍጻሜ ሕዝቡን የሚያሰናብትበትን ቃል ዜማውን ሳያጎድል አሰማ። ሁለቱ ካህናትም ከረጅም ልማድ የተነሣ ሳያስቡት ብድግ አሉ። ብድግ ካሉ በኋላ ተመልሶ መቀመጥ አሳፈራቸውና፥ እየሣቁ ተሰናብተውን ሄዱ። እነሆ፥ ልጁ ቃሉን እንደ ሰማው አልደገመውም፤ የቃሉን ሥራ ዐውቆ በቦታው አዋለው እንጂ።

እንግዲህ ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

የበኩር ልጄ አምስት ዓመት ገደማ በነበረው ጊዜ፥ ማታ ማታ ጸሎት አስደግመው ነበር። አንድ ማታ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን እንደ ጨረስን፥ ልጁ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፥ «አባባ፥ አቡነ ዘበሰማያት የየት አገር ጳጳስ ናቸው?» አለኝ። ሁልጊዜ በቤተ ክርስቲያን አቡነ እገሌ፥ አቡነ እገሌ ሲባል ይሰማ ነበርና፥ እኒህንም ከእነዚያ እንደ አንዱ ቈጥሯቸዋል። እኔም ሣቅሁ። ልጁ ግን ነገሩን አልተወም፤ «ወደዚህ ደብር መጥተው ያውቃሉ?» ብሎ ደገመኝ። እኔም አብዝቼ ሣቅሁ፤ መልስም ሳልሰጠው መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ በደሉ ትንሽ ነበረ። የሚቀጥለው እሑድ ግን በሰንበቴ ቤት ተሰብስበን ሳለን፥ ይህን ነገር የልጁን ድምፅ እያስመሰልሁ ለሰው ሁሉ ተናገርሁ። ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። ያልሰሙት ይደገምልን አሉ፤ እኔም ደገምሁ፤ ጨዋታ ዐዋቂ መባሉ ደስ አሰኝቶኝ ነበርና ጥቂትም ጨመርሁበት። ዘወር ብዬ ባይ፥ ልጄ መቋሚያዬን ይዞ ከደጃፍ ቆሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎች በመንገድ ባገኙት ቍጥር፥ «እንዴት ነህ ጳጳሱ? አቡነ ዘበሰማያት ደኅና ናቸው?» ይሉት ጀመር። ክፋት አስበው አልነበረም፤ ፍቅራቸውን መግለጣቸው ነበር። ልጁ ግን ወደ ቀሚሴ እየተጠጋ ዝም ይል ነበር።

ከዚህ በኋላ ልጁ ዝምተኛ ሆነ። ጸሎቱን ያለ ጥያቄ ይደግማል፤ የተባለውን ያለ ጥያቄ ይፈጽማል። እኔም «ልጄ አደበ» ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ፥ አንድ ቀን ባለቤቴ ምስር እየለቀመች፥ «ልጁ እኮ መጠየቅ ትቷል» አለችኝ። «አድቦ ነው» አልኋት። እርስዋም ቀና ብላ፥ «አላደበም፤ ፈርቶ ነው እንጂ። ትናንት ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? ‹እማዬ፥ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ለአባባ አትነግሪም?› አለኝ» አለችኝ።

ወንድሞቼ ሆይ፥ በብዙ ጉባኤ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም።

በዚያ ቀን ያለፈው ዘመኔ ትዝ አለኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገና ልጅ ሳለሁ ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ፥ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ፥ ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራ ቅኔ ልማር ሄድሁ። እንደምታውቁት አዲስ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። የመጀመሪያዪቱን ጉባኤ ቃናዬን በየኔታ ፊት በነገርሁ ጊዜ፥ አንዱን ቃል ያለ ቦታው ስላስገባሁት ተማሪዎቹ ሁሉ ሣቁብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። የኔታ ግን እጃቸውን አንሥተው፥ «የመጣለት ቃል መልካም ነው፤ የጠበበው ቤቱ ነው። ነገ ቤቱን ያሰፋዋል» አሉ። ከዚያም አብልጦ ወደ ሣቀው ተማሪ ዘወር ብለው፥ «ያንተን የመጀመሪያ ቅኔ ልንገርልህን?» ቢሉት ጉባኤው ጸጥ አለ። በማግሥቱ ተመልሼ የመጣሁት፥ ዛሬም በፊታችሁ የቆምሁት፥ በዚያች ቃል ነው። እኔ የተማርሁትን ምሕረት ግን ለገዛ ልጄ አላደረግሁለትም።

ይልቁንም የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ ሁልጊዜ የሚያድነው አንዱ ነገር ኅብር ነው፤ ይኸውም አንድ ቃል ለሰሙም ለወርቁም ሲያገለግል ነው። አቡነ የምትለዋ ቃል እንዲህ ያለች ናት። በሰሟ የጳጳስ መጠሪያ ናት፤ በወርቋ ግን አባታችን ማለት ናት። ልጁ በሰሙ፥ «ይህ ጳጳስ የየት አገር ነው? ወደዚህስ መጥቶ ያውቃል?» አለ። በወርቁ ግን፥ «አባታችን የሚኖረው ወዴት ነው? ወደ እኛስ ይመጣል?» ማለቱ ነበረ። ይህን ነገር አንድ ተማሪ በጉባኤ ቢያመጣው «ይበል! ይበል!» ብለን በተቀበልነው ነበር። እኔ ኅብር ፍለጋ ስንት ሌሊት ያደርሁ ሰው፥ ኅብሩ በእግሩ ሄዶ ከመኝታ ቤቴ ድረስ ቢመጣልኝ፥ በሣቅ ሸኘሁት፤ ወስጄም በሰንበቴ ቤት ሸጥሁት። ጥያቄው የልጁ ርስት ነበረ፤ ዋጋውም የአርባ ሰው ሣቅ ነበረ። በኢዮቤልዩ የሚመለስ ርስት አለብኝ ያልኋችሁ ይህ ነው።

በማግሥቱ ማታ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ፥ «ልጄ፥ ያን ጊዜ በሰንበቴ ቤት ባንተ ነገር ሰውን አሣቅሁ፤ አጥፍቻለሁና ማረኝ» አልሁት። አባት ልጁን ማረኝ ማለት በእኛ አገር ልማድ አይደለምና አንደበቴ ተሳሰረብኝ። ልጁ በደስታ ተነሥቶ አላቀፈኝም፤ ጥቂት ተመለከተኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ተኛ። በአንድ ቀን የፈረሰ አጥር በአንድ ቀን እንደማይታጠር ያን ጊዜ ተማርሁ።

ብዙ ሳምንት አለፈ። አንድ ምሽት ከዘመድ ቤት በእግራችን ስንመለስ፥ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ልጁ እጄን ይዞ ብዙ መንገድ በዝምታ ከሄደ በኋላ፥ ቀስ ብሎ፥ «አባባ፥ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» አለኝ። እኔም ሣቄን ሳይሆን እንባዬን ያዝሁ። «እስቲ ቆመን እንያት፤ ስንቆም ትቆም እንደ ሆነ» አልሁት። ቆምን፤ እርስዋም ቆመች። ሄድን፤ እርስዋም ሄደች። እንዲህ እያልን ስንቆምና ስንሄድ ቤታችን እስክንደርስ ሌሊት ሆነ። ከደጃፋችን ስንደርስም፥ የቀድሞውን ጥያቄ መልስ ሳልሰጠው መቅረቴን አስታውሼ፥ «ልጄ፥ አቡነ ማለት አባታችን ማለት ነው፤ ያ ስምም የጳጳስ ስም አይደለም፤ በሰማይ ያለውን እግዚአብሔርን አባታችን ብለን የምንጠራበት ነው» አልሁት። ልጁም አሰበና፥ «የእርስዎም አባት ነው?» አለኝ። «አዎን፥ የእኔም ነው» አልሁት። «እንግዲያስ እርስዎም ልጅ ነዎት» አለኝ፤ ወደ ቤትም ገባ።

እኔ ግን ከደጅ ቆሜ ቀረሁ።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የተነሣ በልጆቻችሁ ነገር አትሣቁ አልላችሁም። ሕፃን ኖሮበት ሣቅ የሌለበት ቤት ቢኖር የታመመ ቤት ነው። ነገር ግን ምሳሌዎቻችን እንኳ ሕፃናትን ያቃልላሉ፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። እውነት ነው፥ ለእራት ላይበቃ ይችላል፤ ለማሰብ ግን ይበቃል። ስለዚህ ልጅ አንድ ነገር ሲናገር አስቀድማችሁ «ይበል» በሉት፤ ጥያቄ እንደ ሆነ መልሱለት፤ ከዚያ በኋላ እርሱም አብሯችሁ ሲሥቅ ሣቁ። ልጁ የሚሥቅበት ሣቅ ያሳድገዋል፤ እርሱ ዝም ብሎ እኛ ብቻ የምንሥቀው ሣቅ ግን ከአርጩሜ አይሻልም። «ማን መታው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ እኛ እንሆናለን።

ይልቁንም በዚህ በዘመናችን ልጅ ሲሳሳት፥ ሲያለቅስ፥ ሲኮላተፍ በስልክ ቀርጾ ለማያውቀው ሕዝብ መላክ ቀላል ሆኗል። እኔ በሸጥሁበት ሰንበቴ ቤት አርባ ሰው ነበረበት፤ እነርሱም ልጁን የሚወዱ ጎረቤቶች ነበሩ። የዛሬው ሰንበቴ ቤት ግን ግድግዳ የለውም፤ የተነገረበትም ነገር አያረጅም። ልጁ ያደገ እንደ ሆነ ገና ያገኘዋል። እንግዲህ ርስቱን ከመሸጣችሁ በፊት ባለ ርስቱ ገና ሕፃን እንደ ሆነ፥ ውል ለማሰርም እንደማይችል አስቡ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ «አንተስ ዛሬ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዳግመኛ ሸጥኸው አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ትክክል ነው። የበኩር ልጄ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ከዘማርያኑ መካከል ቆሟል። ይህን ልናገር ባሰብሁ ጊዜ አስቀድሜ ፈቃዱን ጠየቅሁት። እርሱም ሣቀና፥ «አባባ፥ ይንገሩት፤ ብቻ መጨረሻውን አይተዉት» አለኝ። በሰንበቴ ቤት የነገርሁት መጨረሻ አልነበረውም፤ ዛሬ ግን ከነመጨረሻው ነገርኋችሁ። በአደባባይ የሸጥሁትን ርስት በአደባባይ መለስሁ።

ዛሬ በቅዳሴው ጊዜ ሕፃናት ሲያለቅሱና ሲሯሯጡ አንዳንዶቻችን ፊታችንን ስናጠቁር አይቻለሁ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ይህ ደብር ሌላ 50 ዓመት ቆይቶ 100ኛ ዓመቱ ሲከበር፥ በዚህ ቦታ ቆመው የሚናገሩት እነዚሁ ናቸው። ያን ጊዜ ስለ እኛ ምን እንደሚሉ የሚወሰነው፥ ዛሬ ማታ በየቤታችን «አባባ» ብለው፥ «እማዬ» ብለው ሲጠይቁን በምንሰጣቸው መልስ ነው። ሳትመልሱላቸው መብራቱን አታጥፉ።

ያደረሰን አምላክ ልጆቻችንንም ለዚያ ቀን ያድርስልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።